ቆመን የለመንንባት ዙሪክ

ስለ ስዊስ ስጠየቅ ሰው የሚጠብቀው ተራራና በረዶ ነው። እኔ ተራራውን ያየሁት በባቡር መስኮት፣ ያውም በደመና ተሸፍኖ ነው። ከዚያ ጉዞ ዛሬም ድረስ ዓይኔ ላይ የሚመጣው አንድ የልብስ ሰፊ ቤት፣ አንድ የሕንፃ ደረጃና ሰው ቤት ቆሜ ያሳለፍኳቸው ሁለት ጠዋቶች ናቸው። ለገሃር አጠገብ ሻይ የምንጠጣ የድሮ የባቡር ባልደረቦቼ «ጻፈው እንጂ! ስታወራው በየቀኑ እየጨመርክበት ነው» እያሉ ስለሚያሾፉብኝ፣ ሳልጨምር ለመጻፍ ተቀምጫለሁ። የኛ ባቡር ራሱ መጮህ ካቆመ ስንት ዘመኑ! ለገሃር ጸጥ ካለ ወዲህ ያለፈውን ማሰብ አብዝቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሟች ወንድሜ ልጅ ዮናስ ጄኔቭ ውስጥ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ይሠራ ነበር። ለፋሲካ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሰናይት የምትባል ዙሪክ የምትኖር ልጅ ተዋወቀ። ሁለት ዓመት በባቡር ተመላለሱ። አባቷ አቶ ኃይሉ በደርግ ጊዜ የተሰደዱ፣ ሚስታቸው ቀድማ ሞታባቸው ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ሰው ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ «በወጉ ሽማግሌ ይላክ፣ ያኔ አያለሁ» አሉ። ሰናይት ደግሞ «አባባ ካልፈቀደ አላገባም» ብላለች። ዮናስ በዚያ አገር የሥጋ ዘመድ ስላልነበረው ለኔ ትኬት ላከልኝ። ሠላሳ ዓመት ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ኮንትሮለር ሆኜ፣ ትኬት ሳይቆርጥ ከተሳፈረ ሰው ጋር ስከራከር የኖርኩ ነኝና፣ አንድ አባት ማሳመን ያቅተኛል ብዬ አላሰብኩም። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ።

ረቡዕ። ጄኔቭ ስደርስ ሻንጣዬ አልደረሰም። ሌላው ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ሲሄድ እኔ ባዶውን የሚዞረውን የሻንጣ ማመላለሻ አፍጥጬ ቀረሁ። በውስጡ ለሽምግልናው ያሰፋሁት ጥቁር ሱፍ፣ ለአቶ ኃይሉ የያዝኩት ሽሮና በርበሬ፣ ነጠላዬም ነበረ። ጠረጴዛ ጀርባ ያለችው ልጅ ፎርም አስሞልታኝ «ይመጣል መሲዬ» አለች። ሠላሳ ዓመት ለመንገደኛ «ይደርሳል፣ ይደርሳል» ስል የኖርኩ ሰው ቃሉ እንዴት እንደሚመር ያን ቀን ቀመስኩት።

ዮናስ የሚኖረው ቬርኒየ በሚባል ሰፈር፣ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው የማይታይ ረጅም ሕንፃ ውስጥ ነው። መንገድ ላይ ቆሞ የቀረ ባቡር ይመስላል። «ጋሼ፣ አይጥፉብኝ፣ በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው» ብሎ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ኪሴ ከተተልኝ። እናቱ ከላከችለት በርበሬ በቀረችው ምስር ሠርቶ አበላኝ። አልጋውን ለኔ ለቆ እሱ መሬት ላይ ተኛ፤ እንቢ ብለው ሰምቶ ነው? ልክ አባቱ ነበር፤ ወንድሜም እንግዳ ሲመጣ ቀድሞ አልጋውን ያነሣ ነበር። ጣሪያውን እያየሁ ወንድሜ በሕይወት ቢኖር ይህን መንገድ የሚመጣው እሱ እንደነበር አሰብኩና አለቀስኩ።

ሐሙስ። ሻንጣው የለም። ያለ ሱፍ ሽምግልና ደግሞ አይታሰብም። ዮናስ የራሱን ሱፍ አወጣልኝ። እሱ መለሎ፣ እኔ ደግሞ እንደምታውቁኝ ወደ ጎን የሰፋሁ ነኝ። ሱሪው ጫማዬን ውጦ ይጎተታል፣ ኮቱ አይቆለፍም። ፓኪ ወደሚባለው ሰፈር ወሰደኝ። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው፤ የአፍሪቃውም የዓረቡም ሱቅ ተደርድሮ፣ ሰው በር ላይ ቆሞ ያወራል። ጄኔቭ ከገባሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብሎ የሚስቅ ሰው የሰማሁት እዚያ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር የገባሁ መሰለኝና ደስ አለኝ።

ልብስ ሰፊው ኢስማኤል ይባላል። ቱርክ ነው፤ ጠጉሩ ነጭ፣ አንድ እግሩን ትንሽ ይስባል። አፉ ውስጥ መርፌ ደርድሮ ሱሪዬን እየለካ «ለሠርግ ነው ለለቅሶ?» አለኝ። ፈረንሳይኛው እንደኔው በሥራ የተለቀመ ስለነበር ወዲያው ተግባባን።

«ልጅ ልንጠይቅ ነው» አልኩት።

መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፉ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ሽማግሌ ነዎት?»

«ነኝ።»

«እኛም አገር እንዲሁ ነው» አለ። ከዚያ ሥራውን ትቶ በትንንሽ ብርጭቆ ሻይ ቀዳልኝና ስለ አገሩ ወግ አወራኝ። ቅዳሜ የምለብሰው መሆኑን ሲያውቅ የሌሎቹን ልብስ ወደ ጎን ገፋ አደረገ። የኮቱን ጎን ፈትቶ፣ ከሱሪው ግርጌ በቆረጠው ጨርቅ አሰፋልኝ። ዮናስ መልሶ ይለብሰው እንደሆነ ግን ያሰብነው ከተቆረጠ በኋላ ነው።

ዓርብ። ሽማግሌ ሦስት ነው። ሁለተኛው አቶ ለማ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ኦ ቪቭ በሚባል ሰፈር የሚኖሩ ጡረተኛ ስደተኛ። ሃያ ዓመት ጄኔቭ ኖረው ስዊስ ሆነው ነበር፤ ሰዓታቸውን ሳያዩ ቡና አይጠጡም። «ሳንደውል ሰው ቤት መሄድ እዚህ ነውር ነው» አሉኝ። «ደውሎ የሚመጣ ሽማግሌ የት ያውቃሉ?» አልኳቸው። በዚህ ስንጨቃጨቅ ስልክ ተደወለ። ሦስተኛው ሰው የአንድ ዲፕሎማት ሾፌር ነበር፤ ጌታው ቅዳሜና እሑድ ሥራ አዘውት መምጣት አልቻለም።

ዮናስ ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። የኔ መመለሻ ረቡዕ ነው። ሌላ ሽማግሌ ፍለጋ ያላንኳኳነው በር የለም፤ አንዱ ታሟል፣ አንዱ ለእረፍት ወጥቷል፣ አንዱ ከአቶ ኃይሉ ጋር ድሮ ተጣልቷል።

ሱፉን ልወስድ ፓኪ ስሄድ ለኢስማኤል ችግሬን እንዲያው አወራሁለት። ኮቱን አልብሶኝ ትከሻዬን እያበሰ፣ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ዓይኔን እያየ «ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጠጉሬን ያዩታል። እኔ አልሆንም?» አለ።

አቶ ለማ ደነገጡ። «ቋንቋውን ሳያውቅ ምን ይናገራል?»

«ሦስተኛው ሽማግሌ መች ተናግሮ ያውቃል?» አልኳቸው። እኔ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። በሰፈራችን ነገር ሲገጥም መስጊድ የሚሄደውም ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም ሽማግሌ አብሮ ነበር የሚቀመጠው። ደግሞ ንግግሩን ለኔ ተዉት፤ ስመጣ ሌሊቱን አውሮፕላን ውስጥ አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ።

ቅዳሜ። ባቡሩ በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣ፤ አሥራ ሁለት ሲል አሥራ ሁለት ነው። ሦስታችን በሱፍ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ሐይቁ በቀኝ፣ የወይኑ ተክል በግራ እያለፈ፣ ፉርጎው ውስጥ የሚሰማ የሰው ድምፅ የለም። በኛ ባቡር አዋሽ ሳይደረስ ሰው እርስ በርሱ ዘመድ ይሆናል፤ ሕፃን ከጉልበት ወደ ጉልበት ይተላለፋል፣ ምሳ ይቋደሳል። እዚህ ጎረቤቴ ጋዜጣውን እንደ ግድግዳ ዘርግቶት ዙሪክ ደረሰ።

ኮንትሮለሩ ሲመጣ ግን እጄ እንደ ልማዱ ተንቀሳቀሰ። ትኬቴን እየሰጠሁት የሥራ ባልደረባው መሆኔን ነገርኩት። ሰውየው ኮፍያውን ነካ አድርጎ ሰላምታ ሰጠኝ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የትኬት መብሻውን አውጥቶ የሦስታችንንም እኔው እንድበሳ ሰጠኝ። እጄ ላይ ቅዝቅዝ ሲል የወጣትነቴ ዘመን ሁሉ ተመለሰ። አቶ ለማ «ሕግ ይፈቅዳል?» ብለው ተጨነቁ። ኢስማኤል ሳቀና ዳቦና የወይራ ፍሬ ዘረጋ። እኔ ጾመኛ ነኝ፤ ከጾሜ የሚስማማ ስንቅ ያሰበልኝ እሱ ነበር።

የአቶ ኃይሉ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን ስንወጣ አንዲት አሮጊት በራቸውን ከፈት አድርገው ሦስት ሱፍ ለባሽ አዩና ሃይማኖት ሰባኪ መስለናቸው «ናይን ዳንከ»፣ አንፈልግም፣ ብለው ዘጉ። አቶ ለማ «አልነገርኩዎትም?» አሉኝ።

አቶ ኃይሉ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። በቤት ጫማ ከፈቱልን፤ ሲያዩን ገባቸው። ግቡ አሉን፣ ገባን። ተቀመጡ አሉን፣ አልተቀመጥንም። «የመጣንበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም» አልኩ፣ እንደ ወጉ። ሰናይት በጓዳው በር ብቅ ብላ ሰላም ብላን ተመለሰች፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጋ ነው የተወችው።

ንግግሬን አሰማሁ። እውነቱን ለመናገር ያማረ ነበር።

አቶ ኃይሉ እጃቸውን አጣምረው ሰሙና «ልጁ የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነው» አሉ። የእንጀራ ትንሽ የለውም፣ እርስዎስ እዚህ ሲመጡ በምን ጀመሩ? አልኩ። «የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ፔርሚው፣ በየዓመቱ የሚታደስ ነው» አሉ። ልጅዎ ስታገባው ይስተካከላል፣ ሕጉን ጠይቄአለሁ አልኩ። «ጄኔቭ ሩቅ ነው» አሉ። ሦስት ሰዓት በባቡር ሩቅ ከሆነ የኛን መንገድ ምን ሊሉት ነው? አልኩ። ሦስቱንም ዘጋሁባቸው። በልቤም አለቀ አልኩ።

«አቶ ታደሰ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ጥሩ ይከራከራሉ። ልጄን ግን አልሰጥም።»

ከጓዳው አንድ ነገር ወድቆ ሲሰበር ሰማሁ። በሩን ከፍተው አሰናበቱን።

መንገድ ላይ ስንወጣ ደሜ ፈልቶ ነበር። ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቼ! ዮናስን ምን ልበለው? አቶ ለማ ሰዓታቸውን አይተው «የስድስት ተኩሉ ባቡር ይደርስልናል» አሉ። ኢስማኤል ግን የተባለውን ሁሉ እንድነግረው ጠየቀኝ። እኔም እሳቸው ይህን ሲሉ ይህን መለስኩ፣ እያልኩ በኩራት ተረጎምኩለት።

«ሁሉንም አሸነፍካቸው?» አለኝ።

«ሁሉንም።»

«ታዲያ ለሰውየው ምን ተውክለት?»

ተናድጄበት ወደ ትራሙ ነጎድኩ። እሱ ግን ትራሙ ፌርማታ ላይ አልሄድም ብሎ ቆመ። በአገሩም የመጀመሪያው ቀን መልስ እንቢ እንደሆነ፣ ነገ ተመልሰን መቆም እንዳለብን ነገረኝ። መልካም አንደበት ምን ማድረግ እንደሚችል የሚናገር አንድ የአገሩን አባባል በቱርክኛ አሰማኝ። ወደ ፈረንሳይኛ ሊያመጣው ሞክሮ ተበላሸበትና ተሳሳቅን። ቃሉ ዛሬ ጠፍቶኛል፤ ሲናገረው እጁን ደረቱ ላይ ማድረጉን ግን አልረሳውም።

ጣቢያው አጠገብ ርካሽ ማደሪያ አገኘን፤ ሦስት አልጋ በአንድ ክፍል። ለምሳ የገባንበት ቤት አስተናጋጁን አሳበድነው። እኔ ሥጋም ወተትም ቅቤም አልበላም፣ ኢስማኤል የአሳማ የነካው አይበላም፣ አቶ ለማ ጨው ተከልክለዋል። ሰውየው እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ገባና በመጨረሻ ሦስት ሳህን ቅቅል ድንች ይዞ መጣ። በራሱ ፈቃድ ደግሞ ሰላጣ ጨመረልን። እስከ ዛሬ እንደዚያ የጣፈጠኝ ድንች የለም ብል አትመኑኝም። ከሰዓት ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ሦስታችንም ስለ ሟች ወላጆቻችን አወራን። ሦስት ሽማግሌ፣ የሰው አገር፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። አሁን ሳስበው ከዚያ ጉዞ እንደገና ቢሰጠኝ የምመርጠው ያን ከሰዓት ነው።

እሑድ። የከተማው ደወል ሁሉ ሲደወል ደረጃውን ወጣን። አሮጊቷ እንደገና ከፈቱ፤ አሁን ግን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡን።

አቶ ኃይሉ በሩን ከፍተው «ደግሞ መጡ?» አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ከጓዳው በር የምትታየው ሰናይትም እንደዚያው። ገባንና ትናንት በቆምንበት ቦታ ቆምን። ሌሊቱን ያዘጋጀሁትን አዲስ ንግግር ልጀምር ጉሮሮዬን ስጠራርግ ኢስማኤል እጅጌዬን ያዝ አደረገኝ። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነበር።

የልጅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ሰናይት የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ሆና፣ የትምህርት ቤት ቦርሳ አዝላ። ጠጉሯ ተጎንጉኗል፤ የግራው ሽሩባ ከቀኙ ከፍ ብሎ፣ መሐል መስመሩ ተጣሞ።

«ማን እንደጎነጎናት ጠይቅልኝ» አለ ኢስማኤል።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ምን ያደርጋል ብዬ እያጉረመረምኩ ተረጎምኩ።

አቶ ኃይሉ ወደ ፎቶው ዞሩ። «እኔ ነኝ» አሉ። «እናቷ በሞተች በሁለተኛው ወር። ሽሩባ የምትሠራልኝ ሴት አልነበረችም። ሌሊት ተነሥቼ በገመድ እለማመድ ነበር።»

ለኢስማኤል ነገርኩት። ቀረብ ብሎ፣ እንደ ልብስ ሰፊነቱ፣ ሥራውን በጥንቃቄ አየ። «የጠበቀ ነው» አለ። «ቀኑን ሙሉ ብትሮጥ አይፈታም። እጅዎ የተባረከ ይሁን በልልኝ። ይህን ጠጉር የጎነጎነ እጅ ልጁን አያጣም በልልኝ።»

ቃሉ የሱ፣ አፉ የኔ ነበር። በአማርኛ ስናገረው ለካ እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ለዚህ ሰው አንድ ደግ ቃል ሳልሰጠው ኖሬአለሁ። አፈርኩ።

አቶ ኃይሉ ፊታቸውን ከፎቶው ሳይመልሱ ተናገሩ። «ከሥራ ስትገባ 'አባባ ዋልክ?' ትለኛለች። በዚህ ሕንፃ ውስጥ፣ በዚህ መንገድ ላይ፣ በአማርኛ ዋልክ የሚለኝ ሌላ ሰው የለም። ይኸው ነው አቶ ታደሰ። ወጥ ቤቱም፣ ፔርሚውም ሰበብ ነው።»

አዲሱን ንግግሬን ተውኩት። ከጓዳው የለቅሶ ሲቃ ይሰማል። አቶ ኃይሉ ዓይናቸውን ጠርገው በእጃቸው ወንበሮቹን አሳዩን። «እባካችሁ ተቀመጡ፤ እሺም እንቢም አላልኩም፣ ብቻ ተቀመጡ።» አቶ ለማ ጉልበታቸው አልቆ ነበርና ወዲያው ተቀመጡ። እኔም ተቀመጥኩ። ኢስማኤል ግን አልተቀመጠም።

«ቁጭ በል እንጂ፣ ፈቅደዋል» አልኩት።

«ትንሽ ልቁም» አለ። «እኔም ቤት መጥተው ነበር። ሦስት ሰዎች። የልጁ አባት ብዙ ተናገረ፣ እኔ ከሱ የበለጠ ተናገርኩና ረታሁት። በማግስቱ ይመለሳሉ ብዬ ሱቄን ሳልከፍት ጠበቅኋቸው። እሺ ልላቸው ነበር። አልመጡም። ልጄ ከልጁ ጋር ሄደች፤ ባዝል ነው ያለችው፣ ካየኋት ስድስት ዓመት ሆነኝ። እኔ ቤት ሁለተኛ ቀን የቆመ ሰው ስለሌለ፣ እዚህ ትንሽ ልቁም።»

«ምን አለ?» አሉኝ አቶ ኃይሉ።

ተረጎምኩላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ወደ መተላለፊያው ወጡ። አቶ ለማ ተመለከቱኝ፤ ሊያስወጡን ነው ብለን ሁለታችንም ከወንበራችን ብድግ አልን። አቶ ኃይሉ ግን የቤት ጫማቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው የመውጫ ጫማቸውን ክር ማሰር ጀመሩ።

«የኔስ አልቋል፣ ሰጥቻለሁ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ባዝል በባቡር አንድ ሰዓት ነው። የሴት ልጁን አድራሻ ይጠይቁልኝ፤ እኔም አብሬ እቆማለሁ።»

ለኢስማኤል የቱን አስቀድሜ እንደምተረጉምለት ግራ ገባኝ።